ውሃው የተጣለበት ቁጥር

እስከዳር ዓለሙን የሚያናድዳት ነገር ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያንገበግባት፣ ሰው ቁጥር ጠርቶ የምን ቁጥር እንደሆነ ሳይናገር ሲቀር ነው። "ሦስት ተኩል" የሚል ሰው ስትሰማ የያዘችውን ታስቀምጥና "የምኑ?" ትላለች። መርካቶ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይወደድም። ዕቃው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሻጭና ገዢ ይተዋወቃሉ፤ የምኑ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? እሷ ግን ትጠይቃለች፤ መልስ ካላገኘችም ሥራውን አትቀጥልም።

የመምህርነት ሥራዋን ያሳጣትም ይኸው ነው። ኬሚስትሪ ታስተምርበት በነበረው የግል ኮሌጅ፣ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መስፈሪያውን ለዘለለ ተማሪ ዜሮ ትሰጥ ነበር። አስተዳደሩ ጠርቶ "ልጆቹ እኮ ከፋዮች ናቸው" አላት። "እናንተስ ስታስከፍሏቸው ብር ነው ዶላር ነው ሳትሉ ታልፋላችሁ?" ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ገባች። ፋብሪካው ተዘግቶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ባልደረቦቿ ወንበርና ጠረጴዛ ገዙ፤ እሷ የፒኤች መለኪያውን ገዛች።

ፒኤች የአንድ ፈሳሽ ኮምጣጣነት የሚነገርበት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። መለኪያው በመዳፍ የሚያዝ ሣጥንና በሽቦ የተያያዘ የመስታወት ዘንግ አለው። የዘንጉ ጫፍ እንደ ዓይን ነው፤ ከደረቀ አያይም። ስለዚህ እስከዳር ሁልጊዜ በጨው ውሃ በተሞላ ቆብ ውስጥ ታኖረዋለች። ያንን ቆብ ለነካ ወዮለት።

አቶ ምንይሉ ከዱባይ ተራ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባትና ጢም ከተላጩ በኋላ የሚቀባ አፍተርሼቭ ያሠራሉ። ከጎጃም መጥተው መርካቶ ውስጥ ያረጁ፣ በንግድ ሰው የማያታልላቸው፣ በሰው ፊት መሸነፍን እንደ ሞት የሚፈሩ ሰው ናቸው። እስከዳርን "ቲቸር" ይሏታል፤ ሲደሰቱም ሲበሽቁም በዚያው ስም ነው።

አፍተርሼቩን የቀመመችው እሷ ናት። ውሃ፣ ጥቂት ላክቲክ አሲድ፣ የዚያው አሲድ ጨው፣ ግሊሰሪንና ሽቶ። ከምላጭ የወጣ ቆዳ የሚችለው ኮምጣጣነት ላይ አቆመችው። በርሜሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በማርከር "3.5" ብላ ጻፈችበት። ወዲያው የአክስቷ መርዶ መጣና ለለቅሶ ደብረ ማርቆስ ሄደች።

ስትመለስ ግቢው አልኮል አልኮል ይሸታል። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ሠራተኞቹ እየመጡ "እግዜር ያጥናሽ" ይሏታል። እሷ ግን በትከሻቸው ላይ አሻግራ ጠረጴዛውን ታያለች። የመለኪያው ዘንግ ያለ ቆቡ ፎጣ ላይ ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ነጭ ጨው ጋግሯል።

አቶ ምንይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ። "ቲቸር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አክስት ማለት እናት ናት።"

"መለኪያዬን ማን ነካው?"

"ኧረ ተይ! ከለቅሶ ስትመጪ ሰው አሜን ይላል እንጂ እንዲህ ይላል?"

"አሜን። መለኪያዬን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ። ምነው፣ እጄ ለምጽ አለበት?"

"ምን ውስጥ ነከሩት?"

አቶ ምንይሉ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጥግ ጠቆሙ። ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች እስከ አፋቸው ተሞልተው ቆመዋል። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፤ የሎሚ ሽቶ ይሸታል። እስከዳር የአንዱን ክዳን ከፍታ ጎንበስ አለችና ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ አሸተተችው።

"አልኮል ነው" አለች።

"አልኮል ነዋ። ፀጉር ቤቶቹ ያንቺን ውሃ መለሱት። አያቃጥልም አሉ። ሰው ተላጭቶ ካላቃጠለው ንጹሕ ሆንኩ አይልም፤ ምላጩ በሽታ የያዘ ይመስለዋል። አከፋፋዩ ኻሊድ ደግሞ ለበዓል ዕቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃውን በአልኮል ቀየርኩት። ያንቺን ቃል ግን አላፈረስኩም።" አቶ ምንይሉ ደረታቸውን ነፉ። "እዚያች ዕቃሽ ላይ እያየሁ፣ ሦስት ተኩል ላይ ነው ያቆምኩት። ማንበብ አያቅተኝም።"

"መጀመሪያ ሲለኩት ስንት አለ?"

"አምስት ምናምን። እየዋለለ አስቸገረኝ። ከዚያ አሲድ ጨመርኩበት።"

"ምን ያህል?"

"እስኪደርስ።"

"እስኪደርስ ማለት ምን ያህል ነው፣ ጋሼ?"

"እስኪደርስ ነዋ! ጀሪካኖቹ አልቀዋል፤ እያቸው።"

ባዶዎቹ የአሲድ ጀሪካኖች ከደረጃው ሥር ተደርድረዋል። እስከዳር አየቻቸው። ለወራት ይበቃሉ ብላ ያስቀመጠቻቸው ነበሩ።

እስከዳር ስትናደድ ምን እንደምታደርግ ግቢው ያውቃል። አትጮህም። ዕቃ ታጥባለች። ዘንጉን በለብታ ውሃ አለቀለቀችው፣ ጨዉን አሟሟችው፣ እስኪጠግብ ድረስ ነክራ ተወችው። ብርጭቆዎቹን ሁሉ፣ ንጹሖቹንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አጠበች። የብርጭቆዎቹ መንቃጨል ከበር ላይ ይሰማል። ከዚያ ቁጥራቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ፈሳሾች መለኪያውን አስተካክላ ከበርሜሉ ቀድታ ለካች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ዋለለና ሦስት ተኩል አጠገብ ቆመ።

"ይኸው!" አሉ አቶ ምንይሉ። "ምን አልኩሽ?"

"የምኑ ሦስት ተኩል?"

"ጀመረች! የፈሳሹ ነዋ!"

"ሦስት ተኩል ያልኩት በውሃ ነው። መለኪያው ራሱ የተስተካከለው በውሃ ነው። አልኮል ውስጥ ሲገባ ሰባት እንኳ ሰባት አይደለም፤ መካከለኛው ነጥብ ይሸሻል። እኔ ይህን ፋብሪካ እያለሁ አስልቼዋለሁ፤ አልኮሉ በበዛ ቁጥር ስንት እንደሚቀየር አውቀዋለሁ።" ባዶ ካርቶን ስባ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች ትናገራለች። "መለኪያው የሚቆጥረው ከአሲዱ የተፈታውን ብቻ ነው። ውሃ አሲዱን ይፈታዋል። አልኮል ግን እንደታሰረ ይተወዋል። እርስዎ የታሰረውን ሳያዩ የተፈታው አነሰ ብለው ጨመሩ። ጨመሩ። ጨመሩ። ከቀመርኩት ከሃያ እጥፍ በላይ አሲድ ነው ያለው።"

"አሲድም ይታሰራል? በየትኛው ጣቢያ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እስከዳር አልሳቀችም። ካርቶኑን ወደሳቸው አዞረችው።

"ሰው ፊት ላይ ሲቀባ አልኮሉ ይተናል። የቆዳው እርጥበት ይቀራል። ያን ጊዜ የታሰረው ሁሉ ይፈታል። ከምላጭ በወጣ ቆዳ ላይ!"

አቶ ምንይሉ ካርቶኑን ሳይሆን እሷን አዩ። "ቲቸር፣ ይሄ የወረቀት ነገር ነው።"

እስከዳር ሌላ ብርጭቆ አመጣች። ከፈሳሹ አንድ እጅ ቀድታ ዘጠኝ እጅ ውሃ ጨመረችበትና ዘንጉን ነከረች። ቁጥሩ ሳይዋልል ወረደ። ሁለት ነጥብ አራት ላይ ቆመ።

"ያዩታል? ውሃ ስጨምርበት በረታ።"

እዚህ ላይ አቶ ምንይሉ ከልባቸው ተቆጡ። እስካሁን ቀልድ ነበር። አሁን ግን የስድብ ያህል ተሰማቸው። ወተት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ማር፣ ውሃ ሲገባበት ያልቀጠነ ነገር መርካቶ ውስጥ አይተው አያውቁም። በዚህ ላይ ነው ያረጁት።

"ውሃ ሲጨመርበት የሚበረታ?" ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። "እኔን ነው እንዲህ የምትዪኝ? ልጅ መሰልኩሽ? ይሄ ዕቃሽ ተበላሽቷል! በጨረታ የተገዛ ዕቃ!"

"ያደረቁት እርስዎ ነዎት! አሁን ግን ይሠራል።"

"እሺ፣ ይሠራ። ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?" ወደ አሮጌው በርሜል ሄደው ፕላስተሩን በጣታቸው መቱት። "ሦስት ነጥብ አምስት። በውሃ ይላል? አይልም። በአልኮል ይላል? አይልም። የምኑ እንደሆነ አልጻፍሽም፣ ቲቸር! ለተማሪ ዜሮ ስትሰጪ ነበር አሉ።"

እስከዳር ፕላስተሩን አየችው። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ወደ በርሜሉ ሄዳ ፕላስተሩን ገነጠለችና ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው።

"ዜሮ ይሁንልኝ" አለች። "ዕቃው ግን ከዚህ በር አይወጣም።"

ኻሊድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ለደሴ፣ ለጅማና ለሻሸመኔ ፀጉር ቤቶች ዕቃ የሚያደርስ፣ ሲናገርም ሲስቅም ቶሎ ቶሎ የሆነ ነጋዴ ነው። አይሱዙውን በሩ ላይ በቂጡ አስገብቶ ባዶ ጀሪካኖቹን ማውረድ ጀመረ።

"ጋሼ ምንይሉ፣ ሰላም ነው? እህቴ እስከዳር፣ አላህ ያጽናሽ። ምነው ሁሉ ዝም አለ? ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ሊሞት ነው" አለች እስከዳር። "ይህን አትጫን፣ ኻሊድ። ፊት ይልጣል።"

ኻሊድ እንደ ማንኛውም የመርካቶ ገዢ አደረገ። ጣቱን ነክሮ የእጁን ጀርባ ቀባ፣ አሸተተ፣ እፍ አለበት። "ቀዘቀዘኝ እንጂ ምንም የለውም።"

"የእጅህ ጀርባ አልተላጨም! እጅህን በአፍተርሼቭ የምትቀባ ከሆነ ውሰደው። ፊት ነው የምልህ፣ ከምላጭ የወጣ ፊት!" ከዚያ ወደ አቶ ምንይሉ ዞረች። "ካመኑበት ለምን እርስዎ አይቀቡትም? ፀጉር ቆራጩ ጥጋቡ እዚህ በር ላይ ነው። ይላጩና ይቀቡ።"

ይህን ያለችው ሰው ፊት ነው። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ነገሩን የለወጠው። አቶ ምንይሉ ሠራተኞቹን አዩ፣ ኻሊድን አዩ፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

"አንድ ብርጭቆ ቅጂልኝ" አሉ።

የጥጋቡ ፀጉር ቤት ከግቢው መግቢያ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። ጥጋቡ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን በአዲስ ተካ፣ የአቶ ምንይሉን የሰነበተ ጢም ሁለት ጊዜ አለፈበት። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጥጋቡ ከብርጭቆው በመዳፉ አፍስሶ ሁለቱንም ጉንጫቸውንና አንገታቸውን መታ መታ አደረገላቸው።

አቶ ምንይሉ የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። መስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው በአንድ ጊዜ ቀላ።

"እንዴት ነው፣ ጋሼ?" አለ ጥጋቡ።

"ምንም።"

"ያቃጥላል?"

"ይቆነጥጣል። ወንድ ልጅ አይቆነጠጥም?"

ኻሊድ በደስታ አጨበጨበ። "ይሄ ነው! እናንተዬ፣ አያችሁ ዓይናቸውን? ፀጉር ቤቶቹ ሲለምኑኝ የከረሙት ይሄንኑ ነው! ያለፈው ውሃ ነበር። በሉ፣ ቅዱልኝ!"

እስከዳር በበሩ መቃን ላይ ቆማ ይህን ሰማች። ለጉዳቱ ማስረጃ ይሆናል ያለችው ነገር ለዕቃው ማሻሻጫ ሆኖ አረፈው። የሚያቃጥል ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ ፊት ሰው አቃጥላ ልታሳይ ሞከረች። ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

"የአልኮል ማቃጠል ቶሎ ይበርዳል" አለችው ኻሊድን። "የእሳቸው አይበርድም። ቆይና እየው። ቆይ ብቻ!"

"እህቴ፣ መንገድ አለብኝ። ደሴ ሰው ይጠብቀኛል።"

"ደሴ ያለውን ሰው ፊት አንተ አታየውም! ስለዚህ ነው የማያሳስብህ!"

"አቤት ቁጣ! ለቅሶ ላይ አልቅሰሽ አልወጣልሽም እንዴ?"

ጥጋቡ በዚህ ጊዜ የዘወትር ሥራውን ቀጠለ። የተላጨ ደንበኛን በእርጥብ ትኩስ ፎጣ ጠቅልሎ ማሳረፍ የቤቱ ወግ ነው። ፎጣውን ከሙቅ ውሃ አውጥቶ ጨመቀና በአቶ ምንይሉ ፊት ላይ ጠቀለለው። እስከዳር አይታ "ተው!" ብላ ጮኸች፤ ጥጋቡ ግን የፎጣውን ጫፍ አጥፎ ጨርሷል።

ከፎጣው ሥር የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። አቶ ምንይሉ እግራቸው ተወጠረ። ጥጋቡ ደንግጦ ፎጣውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዙት።

"ተወው" አሉ በጥርሳቸው መሃል። "ኻሊድ፣ ጫን። ምንም የለውም። ጫን ብያለሁ!"

ኻሊድ ወደ ግቢው ገባ። ተሸካሚዎቹ የመጀመሪያውን ጀሪካን ከበርሜሉ አጠገብ አስጠጉ።

እስከዳር ከኋላቸው አልተከራከረችም። የክርክሩ ጊዜ አልፏል። በሩጫ ያህል ግቢውን አቋርጣ ከውሃ ታንከሩ ሥር የተጠመጠመውን ቱቦ አነሳች፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችና የቱቦውን አፍ በመጀመሪያው በርሜል ውስጥ ከተተችው።

"ኧረ! ምን እያደረግሽ ነው?" ኻሊድ ጮኸ። "ዕቃዬን! ዕቃዬን!"

"ውሃ እየጨመርኩበት ነው! መርካቶ ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው አይተህ አታውቅም?"

ጥርት ያለው ፈሳሽ ውሃው በነካው ቦታ ጉም መሰለ። ጉሙ ወደ ታች ወረደ፣ ሰፋ፣ በርሜሉን ሞላው። በአልኮሉ ሟሙቶ የነበረው ሽቶ ውሃው ሲበዛበት ወጥቶ ሁሉንም አደፈረሰው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በርሜሉ አሬራ የተሞላ መሰለ፤ ከአፉ ሞልቶ በሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ተሸካሚዎቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እስከዳር ቱቦውን አውጥታ ወደ ሁለተኛው ከተተች።

"እንዲህ የደፈረሰ አፍተርሼቭ ማን ይገዛኛል?" አለ ኻሊድ።

"ማንም! ማንም እንዳይገዛህ ነው!"

ሦስተኛው በርሜል ላይ ስትደርስ የፀጉር ቤቱ በር ተበርግዶ አቶ ምንይሉ ወጡ። የጥጋቡ ነጭ ጨርቅ አሁንም ከአንገታቸው አልወረደም። ከጉንጫቸው እስከ አንገታቸው ድረስ ቀይ ነው፤ ምላጩ ሁለት ጊዜ ያለፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ መቋጠር ጀምሯል። በርሜሎቹን አዩ። የፈሰሰውን አዩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እስከዳር ሮጡ። ኻሊድ "ጋሼ፣ ተዉ! ሴት ናት!" እያለ ሊይዛቸው ተወረወረ፤ አልደረሰባቸውም።

ቱቦውን ከእጇ ነጠቁ። ሁሉም ሰው የሚሆነውን ጠበቀ። አቶ ምንይሉ የቱቦውን አፍ ወደ ገዛ ፊታቸው አዞሩና ዓይናቸውን ጨፍነው ጎነበሱ። ውሃው በጉንጫቸው፣ በአንገታቸው፣ በሸሚዛቸው ውስጥ ወረደ። በነፃ እጃቸው ፊታቸውን ማሸት ጀመሩ።

"አይሹት!" እስከዳር እጃቸውን መታ አወረደችው። "ቆዳው ይነሳል! ውሃው ብቻ ይውረድ። ብዙ ውሃ!"

"ውሃ ያበረታዋል ብለሽ አልነበረም እንዴ?" አሉ ከውሃው ሥር፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ትንሽ ውሃ ይፈታዋል፤ ብዙ ውሃ ያጥበዋል! ምን ያህል ብለው አይጠይቁም?" አሁን ትጮሃለች። ግቢው ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። "የሰው ፊት ነው! የሰው ፊት ላይ ነው ልትልኩት የነበረው!"

ኻሊድ ባዶ ጀሪካኖቹን ወደ አይሱዙው መልሶ ይጭናል። የእጁን ጀርባ በሱሪው ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል። ጥጋቡ ፎጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሟል።

አቶ ምንይሉ ቱቦውን ከፊታቸው ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ። ከዓይናቸው የሚወርደው የቱቦው ውሃ ይሁን ሌላ አይለይም።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የማፈስበት?"

እስከዳር የጨመደደችውን ፕላስተር ከኪሷ አውጥታ ደፍርሶ በሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ ጣለችው። ቱቦውን ከፊታቸው እንዳያርቁት በእጇ ያዘች።

"እስኪደርስ" አለች።